ዐርቦኑን ከመቀበልሽ በፊት

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? ያቤሎ ተስማማሽ? አዳማ ያው ሙቀቷና አቧራዋ ነው።

ስለምትሸጪው የከብት መድን (ኢንሹራንስ) በስልክ «አባ፣ ሳሩን የምንለካው ከሰማይ ነው» ስትይኝ ሳቄ መጥቶ ነበር። ሃያ ዓመት ድርቆሽ ስሸጥ ሳርን የማውቀው ጨብጬ፣ አሽትቼ ነው። የላክሽልኝን ወረቀት ግን ሁለቴ አነበብኩት። የሞተ ከብት ሊቆጥር የሚሄድ ሰው የለም። ሳተላይቱ የግጦሹን ልምላሜ ያያል፤ ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ይነጻጸራል። ከተወሰነው ልክ በታች ከወረደ በዚያ አካባቢ ውል የገባ ሁሉ ይከፈለዋል። ከብቱ የተረፈለትም ጭምር። ስለዚህ ካሳ አገኛለሁ ብሎ ላሙን የሚበድል አይኖርም። ይሄን ወድጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኬንያ ማርሳቢት ተጀምሮ በ2012 ቦረና መግባቱንም ካንቺ ነው የሰማሁት።

አይሱዙዬ የተገለበጠች ጊዜ ታስታውሻለሽ? የመድን ድርጅቱ ሰዎች ዐርቦኑን፣ የመድን ክፍያዬን ማለት ነው፣ ሲቀበሉኝ ሻይ ጋብዘውኝ ነበር። ካሳ ስጠይቅ «ይሄ በውሉ ውስጥ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የለም። ያናደደኝ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

አንቺ ለአርብቶ አደሮቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ላሙ በበሽታ ብትሞት እንደማይከፈለው ይወቅ። የሱ ቀዬ ደርቆ የአካባቢው ድምር ደህና ከሆነም አይከፈለውም። ቁጥቋጦውንም አትርሺ። ቦረና ግጦሹን ቁጥቋጦ እየወረረው ነው ይባላል፤ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ላም ግን አትበላውም። ሽማግሌዎቹ ይሄን ከጠየቁሽ «መሣሪያው አይሳሳትም» እንዳትዪ። ሳተላይቱ ቀለም እንጂ ጣዕም አያይም በያቸው፣ ይገባቸዋል።

ሌላው ጊዜው ነው። እዚህ ላይ እኔ ካንቺ አለቆች የበለጠ አውቃለሁ። መጀመሪያ ክፍያው ለሞተ ከብት ማካካሻ ነበር፤ ኋላ ግን ከብቱ ሳይሞት መኖ እንዲገዛበት ቀደም ብሎ ይሰጥ ተባለ። ትክክል ነው። ቦረና በእኛ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ሲያጣ የሱሉልታ ድርቆሽ ዋጋ በየሳምንቱ ይወጣ ነበር። እኔም ጨምሬያለሁ፣ አልዋሽሽም። ብሩ አንድ ወር ዘግይቶ ቢደርስ ያው ብር የሚገዛው ድርቆሽ ያንሳል። በስብሰባችሁ ላይ ስለ ሽያጭ ብቻ ከተወራ እጅሽን አውጥተሽ «ክፍያው በስንት ቀን ይደርሳል?» በይ። ቢቆጡሽም ቆይተው ይረሱታል።

ሰኞ ወደዚያ የሚወርድ መኪና አለኝ። እናትሽ ጭኮ በሁለት ጣሳ ልካልሻለች። ሁለት መሆኑን አረጋግጪ፤ ሾፌሩ ጭኮ ይወዳል።

አባትሽ