ቃል ተገብቶልን ሳይሰጥ ስለቀረው የልጄ የኩፍኝ ክትባት

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። የልጄ ፋይል እናንተው ጋር ስላለ ነገሩን ከመጀመሪያው አልተርክም። በስልክም በአካልም ደጋግሜ አስረድቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ልጄ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባቷን ልትወስድ መጥታ ሳትከተብ ስለመመለሷ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት የደወለችልኝ የራሳችሁ ሠራተኛ ናት። "ነገ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ፤ ስሟን መዝግቤያለሁ። ሌላ ልጅ ባይመጣም የክትባቱ ብልቃጥ ይከፈትላታል" አለችኝ። "እርግጠኛ ነሽ? ከሥራ አስፈቅጄ ነው የምመጣው" አልኳት። "አያስቡ፣ እኔ አለሁ" አለችኝ። አምኜ መጣሁ።

ሐሙስ ስንደርስ ያቺ ሠራተኛ የለችም። ሪሴፕሽን ላይ የነበረችው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገችና "ስሟ የለም" አለች። የረቡዕን ስልክ ነገርኳት። "ማን ደወለልሽ? እኔ አላውቅም" አለችኝ። ልጄ አንዴ ስትታቀፍ አንዴ ስትወርድ፣ እንቅልፏ መጥቶ ስትነጫነጭ ቆየን። በመጨረሻ ነርሷ ወጥታ ብልቃጡ ለብዙ ልጆች የሚሆን ስለሆነ ለአንድ ልጅ እንደማይከፈት ነገረችን። ልጆች ሲሰባሰቡ ትጠሩናላችሁ ተባለ። ነርሷን አልወቅስም። ከልጅ ጋር ትዕግሥተኛ ናት፤ የታዘዘችውን ነው የነገረችን።

የኩፍኝ ክትባት ዱቄቱ በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ እንደማይቆይ፣ የተረፈውም እንደሚጣል አውቃለሁ። ይህ ግን ረቡዕ ዕለትም የታወቀ ነበር። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ እንዲከፈት ነው የሚመክረው፤ ሳይከተብ የሄደ ልጅ ተመልሶ ላይመጣ ይችላላ። መክፈት ካልፈለጋችሁ ልጆች የምትሰበስቡበትን ቀን ቁርጡን መናገር ትችሉ ነበር።

"እስከዚያ ኩፍኝ ቢይዛትስ?" ብዬ ጠየቅኩ። የሪሴፕሽን ሠራተኛዋ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል "ክትባት ስለዘገየ የሞተ ልጅ የለም" አለችኝ። ወላጆች በሞሉበት ክፍል፣ ሁሉም እየሰማ።

ይህን ከጤና ተቋም መስማት አልነበረብኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ኩፍኝ በዓለም ላይ ከ100 ሺህ በላይ ሰው እንደገደለ ይገመታል። አብዛኞቹ ያልተከተቡ ወይም ክትባታቸውን ያልጨረሱ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የእኔ ልጅ የወሰደችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚሰጠው በመጀመሪያው መከላከያ ያላዳበሩ ልጆች ስላሉ እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በሽተኛው ከክፍል ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። እናንተ ግን ለክትባት የመጣውንና ትኩሳት የያዘውን ልጅ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የምታስቀምጡት።

ከጀመርኩ ሌላውንም ልናገር። ከዚህ በፊት አፍንጫዋ ስለፈሰሰ ብቻ ሳትከተብ ተመልሳለች። ቀላል ጉንፋን ክትባት እንደማይከለክል በኋላ የነገረኝ የራሳችሁ ሐኪም ነው። ክብደቷ ከነጫማዋና ከነጃኬቷ ተመዝኗል። ቁመቷን ማንም ሳይለካ ካርዷ ላይ ያለፈው ቁጥር ተገልብጦ ተጽፏል። እኔ ዓይኔ እያየ! አንድ ልጅ ዕድገቱ ሲቆም ቀድሞ የሚያሳየው እኮ ካርዱ ላይ ያለው የዕድገት መስመር ነው። የተሳሳተ ቁጥር ከሚጻፍበት ባዶ ቢቀር ይሻላል።

መጀመሪያ የፈለግኩት ቀጠሮ ብቻ ነበር። አሁን ያ አይበቃኝም። ልጄ የምትከተብበት ቀን በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ በዚያ ቀን ሌላ ልጅ ኖረም አልኖረም ይከፈትላት። ክብደቷና ቁመቷ እንደገና በአግባቡ ይለካ፤ ካርዱም ይታረም። የሐሙስ የካርድ ክፍያ ይመለስልኝ። ያንን የተናገረችው ሠራተኛ ይቅርታ ትጠይቀኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ወላጆችም ንግግሯን እውነት ብለው እንዳይወስዱ፣ ክትባት በወቅቱ መውሰድ ለምን እንደሚያስፈልግ ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉ።

እስከሚቀጥለው ሐሙስ መልስ ካላገኘሁ ክትባቷን ሌላ ቦታ አስጨርሳለሁ። ይህንኑ ደብዳቤም ለሚቆጣጠራችሁ የጤና መሥሪያ ቤት አስገባለሁ። ለማንኛውም የፋይሏን ሙሉ ቅጂ ከአሁኑ አዘጋጁልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የልጅቷ እናት