ስለ 2021ዱ ሆንዳ የነጂዎች አስተያየት

ውድ አባላት፣

ያገለገለ የ2021 ሆንዳ ሲአርኤፍ 450አር (የሞቶክሮስ፣ ማለትም የአፈር ላይ ውድድር ሞተር ብስክሌት) ልግዛ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁን መልሳችን ይኸው። ያ ሞዴል እንደ አዲስ የተሠራ ነው። ከቀዳሚው ቀለለ። ሁለቱ ማርሚታዎች (የጭስ ማውጫዎች) አንድ ሆኑ። ፍሪሲዮኑም ከሽቦ ወደ ሃይድሮሊክ ተቀየረ፤ ፍሪሲዮን ሲጨብጥ እጁ የዛለበት ነጂ ይህን ለውጥ ያውቀዋል።

ኩርባ ላይ መታጠፉን ብዙዎች ወደዱት። ቅሬታው ሌላ ነው። ቀስ ብለው ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ያመነታል፣ ይንገጫገጫል አሉ። በእኔ እምነት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከኩርባ ሲወጡ ሞተሩን ማመን ያስፈልጋል። ሆንዳም ለ2022 ሞዴል ሞተሩን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተርና የአሞርዛተሩን ቅንብር አሻሽሏል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ ንዱት። የኮምፒውተሩ ቅንብር ተስተካክሎ እንደሆነም ሻጩን ጠይቁ። የነዳችሁት ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልን።