ከመጸው ጉዟችን በኋላ የት እንረፍ?

ውድ የእግር ጉዞ ቡድናችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ ሰሪ በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ወደሚገኘው ሊዝ ሂል ኮረብታ እንውጣ ያላችሁት ተቀባይነት አግኝቷል። ኮረብታው 294 ሜትር ከፍታ አለው፤ ጫፉ ላይ የቆመው ግንብ ደግሞ ከ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ስንወርድ ኮልድሃርበር መንደር በሚገኘው ፕላው ኢን በተባለ ፐብ (የእንግሊዞች መጠጥና ምግብ ቤት) እናርፋለን። ምግብ ቀድመን ማስያዝ አለብን፤ በገጠር ፐቦች ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል።

እኔ ግን ልቤ ያለው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በሚገኘው ገላጣ ደጋ፣ በዳርትሙር ነው። ዋረን ሃውስ ኢን ዛፍ በሌለበት ገላጣ ምድር፣ በመንገድ ዳር ብቻውን የቆመ ፐብ ነው። በ1845 (እ.ኤ.አ.) ከተሠራ ጀምሮ የምድጃው እሳት ጠፍቶ አያውቅም ይባላል። ከግሪምስፓውንድ፣ ከነሐስ ዘመን ሰዎች የድንጋይ ቤቶች ፍርስራሽ፣ ነፋሱ ፊትን እየገረፈ በእግር መጥቶ እዚያ እሳት አጠገብ መቀመጥን የሚተካከል ነገር አላውቅም! ካልሲ ሲደርቅ እንፋሎቱ ይታያል። ቤቱ የታወቀበት ምግብ የጥንቸል ሥጋ ፓይ (በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ) ስለሆነ ለብዙዎቻችን አይሆንም፤ ሌላ ምግብ እናዝዛለን። ቢራ ለማትጠጡ ሻይና ቡና አለ።

አስተናጋጅ ተቀምጣችሁ አትጠብቁ፤ ባንኮኒው ጋ ሄዶ ማዘዝና መክፈል የአገሩ ልማድ ነው። ጭቃ የያዘ ጫማችሁን በር ላይ አራግፉ።

የዳርትሙሩን ጉዞ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ብናደርገው እመርጣለሁ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ካላችሁ ቀኑን ቅዳሜ እናደርገዋለን። የሚመቻችሁን ቅዳሜ እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ።