ለእታለም፣ ከኮዬ ፈጬ

ጥቅምት 12

እታለም፣

እንደምን አለሽ ብዬ ብጀምር እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው። እናትሽ ሲያርፉ አልመጣሁም። አርባቸውንም ሰማሁ፣ ሙት ዓመታቸውንም ሰማሁ፤ በየጊዜው ነጠላዬን አውጥቼ መልሼ አጣጠፍኩት። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በኋላ በየትኛው ፊቱ ይመጣል? ይቅር በይኝ። ልትቆጪኝ ከፈለግሽ ቆይተሽ ተቆጪኝ፤ አሁን የምለምንሽ ነገር አለኝ።

ስለ ቤትና ስለ ሥራ ብዙ የለኝም። አሁንም ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውኃው በፈለገው ቀን ይመጣል። የማሚቱ አባት መስክ ላይ ነው፣ በወር አንዴ ብቅ ይላል። አዎ፣ ማሚቱ አለች። ዐሥራ አራት ወሯ ነው። በሰው አፍ ሰምተሽ እንደሆነ እንጃ፤ ልነግርሽ ስልኩን አንስቼ፣ ያንን ያንቺን ነገር እያሰብኩ ስንት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ስላላወቅሁበት ልለፈው።

አያቴ አንገት ላይ የነበረውን እንቅርት ታስታውሺያለሽ፣ ዙሪያውን በንቅሳት የተከበበውን? አሁን ተራው የእኔ ነው። የእኔ ብዙም አይታይም፤ ሥራው ግን ከልክ ያለፈ ነው። ልቤ ቁጭ ባልኩበት ይሮጣል፤ ጠመኔው እጄ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ተማሪዎቼ የምጽፈውን ፎርሙላ ማንበብ አቅቷቸዋል። ሐኪሙ ያደግሁበትን አገር ጠየቀኝ። ደጋ ነው አልኩት፤ ዝናብ የአፈሩን አዮዲን አጥቦ የወሰደበት፣ አሞሌ ጨው እየሰበርን ያደግንበት። ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚለው ደንብ የወጣው እኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እኛ ያኔ አድገን ጨርሰናል። ለዓመታት አዮዲን የተራበ የአንገት ዕጢ እባጭ እያወጣ ይቆይና አንድ ቀን ትእዛዝ መስማት ያቆማል አለኝ። ኪኒኑን ዋጥኩ፤ ሳቆም ተመለሰ። ቀጥሎ የታዘዘልኝ ምን መሰለሽ? ያው አዮዲን! ጨረር ያለው፣ አዮዲን 131፤ ዕጢው ራሱ ሰብስቦት እንዲቃጠልበት።

እዚህ ላይ የሁለተኛ ዓመት ፈተናሽ ትዝ አለኝ። «ቴሉሪየም ከአዮዲን ስለሚከብድ ከኋላው ይመጣል» ብለሽ የጻፍሽው፣ ከእኔ ሳትቀጂ የሠራሽው ብቸኛ መልስ። ይከብዳል፣ ግን በሰንጠረዡ ላይ ይቀድማል፤ የአቶም ቁጥራቸው 52 እና 53 ነው። ታዲያ ያ ቴሉሪየም የኑክሌር ሪአክተር ውስጥ ገብቶ ኒውትሮን ሲውጥ ተረጋግቶ መቀመጥ ያቅተውና፣ ቤታ የሚባለውን ጨረር ተፍቶ ወደ ጎረቤቱ ቤት ይሻገራል፤ አዮዲን ይሆናል። ከተሰነጠቀ ዩራኒየም ውስጥም ይለቀማል። እኛ አገር ሪአክተር የለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ፕሪቶሪያ አጠገብ ፔሊንዳባ የሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚሠራ አለ፤ አውሮፓም ውስጥ ጥቂት አሮጌዎች አሉ። ይህ አዮዲን ከተመረተበት ሰዓት ጀምሮ እያለቀ ነው፤ በየስምንት ቀኑ ግማሹ የለም። ስለዚህ ለቀጠሮው ቀን ተሰልቶ ይታዘዛል፣ በእርሳስ ዕቃ ታሽጎ በአውሮፕላን ይመጣል። ገዝቶ ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ግንቦት ላይ የእኔ መጥቶልኝ ነበር። የምታጠባ እናት ይህን ከመውሰዷ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አስቀድማ ጡት ማስጣል አለባት፤ ጡትም አዮዲን ይሰበስባልና። አስጥያለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። አላስጣልኳትም ነበር። ቀኑ ሲደርስ ፈራሁና ስልኬን ዘግቼ ቤት ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ መድኃኒት ግማሹ፣ የግማሹ ግማሽ እያለ ሲሄድ እኔ እዚህ ማሚቱን አጠባ ነበር። ለሌላ በሽተኛ ሰጥተውት እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳን ፊት አጣሁ።

መስከረም 1፣ ሰው አደይ አበባ ይዞ ሲዞር፣ እኔ ጡቴን ሬት ቀባሁ። ማሚቱ አንዴ ቀምሳ ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሳቀርብላት አፏን ትገጥማለች። ባለፈው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዷን በዚያች ባለ ሦስት ቀለም የምግብ እጥረት መለኪያ ጥብጣብ ለካቻት፤ 12 ነጥብ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ቢጫ። ከ11 ነጥብ 5 በታች ቢሆን ቀይ ነበር፤ ያን ጊዜ በየከረጢቱ 500 ኪሎ ካሎሪ ያለውን የኦቾሎኒ ቅባት ይሰጧታል። ለቢጫዋ ለእኔ ልጅ የተነገረኝ ግን «እንቁላል አብዢላት» ነው። የቫይታሚን ኤዋን ቀይ እንክብል ጫፏን ቆርጣ አፏ ውስጥ አንጠባጠበችላት፤ ከዚያ የእጇን አንጓ ዳበሰችና ዝም አለች። አንጓዋ ወፍሯል።

«ፀሐይ ታሞቂያታለሽ?»

በመስኮት አልኳት። በመስኮት! ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ እንደሚያስቀረው ለተማሪ የማስተምር ሴት ነኝ። በረንዳውን በአንሶላ የጋረድኩት ለምን እንደሆነ ገምቺ። ለሰው ዓይን። የእናቴን የቡዳ ፍራቻ አብረን እንዳልሳቅንበት! የቫይታሚን ዲ ጠብታ ታዞላት እየሰጠኋት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ጥናት አነበብኩ፤ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ፣ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ይደርሳል ይላል። ከዚያ ወዲህ ባስነጠሰች ቁጥር ጆሮዬን ደረቷ ላይ ደፍቼ ነው የማድረው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ለእኔ ቀልድ አይደለም፣ እንቅርቱ አለኝ።

ቀጠሮዬ ኅዳር 9 ነው። ከዚያ እስከ ሦስት ሳምንት ልጅ ማቀፍ፣ አጠገቧ መተኛት የለም። ዕጢውን የሚያቃጥለው ቤታ ከሁለት ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ አብሮት ያለው ጋማ ጨረር ግን ከአንገቴ አልፎ ይወጣል። ታዲያ እጇን ስትዘረጋልኝ ወደዚያ ሂጂ ልበላት? ሬቱ ሳይበቃት?

አንቺ ሰበታ ላይ ግቢ አለሽ። ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ደጅ አለሽ፣ ዶሮ አለሽ። ሌላ ሰው ባገኝ ኖሮ አንቺን አላስቸግርም ነበር... አይ፣ ይህም ውሸት ነው። ሌላ ሰው አልፈለግሁም። ከሰው ሁሉ አንቺን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ እንዳልነበረብኝ አውቃለሁ። እምቢ ካልሽ ምክንያቱን አትጻፊልኝ፣ እምቢ ብቻ በይ፤ ይገባኛል።

እሺ ካልሽ ግን፣ ገንፎ በቅቤ ትወዳለች። እንቁላል ከእኔ እጅ ትተፋለች፤ ከሌላ ሰው እጅ ትበላ ይሆናል። ጠብታዋ በቀን አንዴ ነው። ስትተኛ ጆሮዋን ትይዛለች፣ አትደንግጪ፣ አመሏ ነው።

እሑድ ጠዋት ይዣት ልምጣ? ከበሩ ብትመልሺኝም ለእናትሽ አልቅሼ እመለሳለሁ። ነጠላው ተጣጥፎ በር አጠገብ ተቀምጧል።