ቤተሰብ አንድ ቃል ነው ሁለት?

እህት ዓለሜ፣

ጠፋሁብሽ፣ ይቅርታ። ለእማማ ሙት ዓመት እንኳን ሳልደውል ቀረሁ። እሱን... በወረቀት አልችለውም። በስልክ እናወራዋለን።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ካንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው። የአማርኛ አስተማሪ ጓደኛ ያለችኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ቀይ እስክሪብቶሽን ካነሳሽም አስቀምጪው፤ ይሄ የተማሪ ደብተር አይደለም።

እኔ እዚያው ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ነኝ፤ እዚያው የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ባለፈው እሁድ የምሳውን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ምሳው የበግ ጭን ነው፤ በኖርዌይኛ «ላመሎር» ይሉታል። እኔ «ምግብ ቤት» እንደምንለው መስሎኝ «ላመ ሎር» ብዬ ለያይቼ ጻፍኩት። ለካ ሲለያይ «ሽባ ጭኖች» ማለት ነው! ሰሌዳው ፊት ለፊት ያሉት እናት ደግሞ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በጣታቸው ጠሩኝና የዊልቸራቸውን ክንድ በቡጢ መታ መታ አደረጉ፤ መጀመሪያ ጠንከር፣ ቀጥሎ ለስለስ። «ላመሎር።» ኃይሉ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ከወጣ በአንድ ይጻፋል። ከዚያ ሰሌዳውን አስጠግተው ሁለተኛውን ቃል በገዛ ጣቴ አስጠረጉኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ከቡና በኋላ እማራለሁ። ሆስፒታል «ሲከሁስ» ነው፣ የሕመምተኛ ቤት። መዋዕለ ሕፃናት «ባርነሃገ» ነው፣ የልጆች አትክልት ቦታ። አንዳንዱ ቃል መሃሉ ላይ ክር ይፈልጋል። የወይን ብርጭቆ «ቪንግላስ» ነው፣ ያለ ክር። የቀይ ወይን ብርጭቆ ሲሆን ግን ፊተኛው ራሱ ድርብ ስለሆነ በ«ስ» ይሰፉታል፤ «ሮቪንስግላስ»። ሲገባኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በጣም የወደድኩት ግን የሌሊት ባቡርን ነው፤ «ናቶግ»። «ናት» በሁለት ቲ ያልቃል፣ «ቶግ» በቲ ይጀምራል። ሲገናኙ ሦስት ቲ አይጻፍም፤ አንዷ ትዋጣለች። መስመር አልቆ ቃሉ ለሁለት ሲከፈል ግን የተዋጠችው ቲ ትመለሳለች። ይህችን ሲነግሩኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ትናንት ደግሞ «በእናንተስ?» አሉኝ። ወረቀት አምጥቼ በፊደል ጻፍኩላቸው። «ምግብ ቤት» እንደነሱ ነው፤ ዋናው ቃል ኋላ ይመጣል። «ቤተ መጻሕፍት» ላይ ግን ቤቱ ከፊት ነው፣ ከግዕዝ የመጣ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወልውለው፣ እንደገና አዩት። ፊደሉንም በጣታቸው ተከተሉት።

ቀጥዬ «ቤተሰብ» ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። አንዱ ያጣብቀዋል፣ ሌላው «ቤተ ሰብ» ይለዋል። እኔም ሁለቱንም ስጽፍ ኖሬያለሁ። እሳቸው ይጠብቃሉ። አፍሬ «ጓደኛዬን እጠይቃለሁ» አልኩ። «መቼ?» አሉኝ። የመምህር ነገር ታውቂያለሽ።

አንቺ ሰሌዳ ላይ እንዴት ነው የምትጽፊው? ልጆቹ ለምን ብለው ሲጠይቁሽስ ምን ትያቸዋለሽ? ሐሙስ ከሰዓት ተረኛ ነኝ፤ እስከዚያ ላኪልኝ። ካልሆነም ረቡዕ ማታ እደውላለሁ። አንሺው፣ እባክሽ። መጀመሪያ ስለ እማማ እናወራለን።