ለአዲስ ገቢ ሕፃናት ወላጆች፦ ከፊደል በፊት የሚቀድሙ ነገሮች

ጉዳዩ፦ ልጆችን ለመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ስለማዘጋጀት

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ምዝገባ ሲጀመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን «ልጄ ፊደል ለይቶ፣ ስሙን ጽፎ መምጣት አለበት ወይ?» የሚለውን ነው። የለበትም። ፊደል ማስቆጠር የእኛ ሥራ ነው። እናንተን የምንለምናችሁ ፊደሉን የሚቀበለውን እጅና ጆሮ እንድታዘጋጁልን ነው።

ጣቱ ያልጠነከረ ልጅ እርሳስ ሲሰጠው በሙሉ መዳፉ ይጨብጠዋል። ትከሻው ይወጠራል፣ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ቶሎ ይደክመዋል፤ ውሎ አድሮም መጻፍ ይጠላል። አንዴ የለመደውን አያያዝ ማረም ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ጭቃ ያድቦልቡል፣ ወረቀት ይቅደድ፣ የልብስ መቆንጠጫ ይክፈት ይዝጋ፣ ጫፉ ባልሾለ መቀስ ይቁረጥ። ለቀለም ቅብ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር የምትሆን የከለር ስባሪ ስጡት፤ አጭር ስለሆነች በመዳፍ አትጨበጥም፣ አውራ ጣቱ፣ አመልካቹና የመሐል ጣቱ ራሳቸው ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ ልጆች ክብን በ3 ዓመት ገደማ፣ መስቀልን በ4፣ ሦስት ማዕዘንን በ5 ዓመት ገደማ አይተው ይስላሉ። ሰያፍ መስመር ገና ያልወጣለት ልጅ «ለ»ን አጣሞ ቢጽፍ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም፤ እባካችሁ አትቆጡት።

ጆሮ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። «ሀ ሁ ሂ»ን እንደ ዜማ የሚወርድ ልጅ መሐል ላይ ያለች አንዲት ፊደል ሲጠየቅ ከ«ሀ» ይጀምራል፤ ሸምድዷል እንጂ አልለየም። ቁጥርም እንዲሁ ነው፦ እስከ 20 የሚቆጥረው ልጅ «5 ጠጠር ስጠኝ» ሲባል እፍኝ ሙሉ ያነሣል። በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል። «መ‑ኪ‑ና» እያላችሁ አጨብጭቡ፣ ስንት ጭብጨባ እንደሆነ ጠይቁት፣ በ«መ» የሚጀምር ሌላ ቃል ይፈልግ። ጠጠሩን አንድ በአንድ እየነካ ይቁጠር። ተረት ስታነቡለት «ለምን ይመስልሃል?» በሉትና 5 ሰከንድ ያህል ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ እናንተ ከመለሳችሁለት ጥያቄው ከንቱ ነው።

4 ዓመት የሞላው ልጅ የሚናገረው ለማያውቀው ሰውም በአብዛኛው ሊገባ ይገባል። የማይገባ ከሆነ፣ ወይም ሲጠራ ቶሎ የማይሰማ ከሆነ፣ እልኸኛ ነው ከማለታችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩ። በመሐል ጆሮ የሚጠራቀም ፈሳሽ መስማትን ይቀንሳል፤ አንዳንድ ቀን ስለሚሻለው ለወላጅ በቀላሉ አይታወቅም።

መጸዳጃ ቤት ለብቻው መግባትን፣ ሴት ልጅ ከሆነች ከፊት ወደ ኋላ መጥረግን፣ እጅን በሳሙና 20 ሰከንድ መታጠብን አለማምዱ። ቀበቶ ያለው ሱሪ አታልብሱ፤ መፍታት እያቃታቸው ሽንት ያመልጣቸዋል። ዚፕና ቁልፍ ስታስተምሩ ከመጨረሻው ጀምሩ፦ እናንተ ዚፑን እስከ ደረቱ ሳቡት፣ ቀሪውን እሱ ይጨርስ፤ በየቀኑ የእሱን ድርሻ ጨምሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ፣ ስክሪን ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። አምሽቶ የሚተኛ ልጅ ካላችሁ ትምህርት ከመጀመሩ 2 ሳምንት አስቀድማችሁ የመኝታ ሰዓቱን በየሁለት ቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም አድርጉት።

በመጀመሪያው ቀን ተደብቃችሁ አትሂዱ፤ የተከዳ ልጅ በማግስቱ በር ላይ ይጣበቃል። ሳሙት፣ «ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» በሉት፣ ሂዱ፣ በሰዓቱም ተገኙ።

ከእነዚህ አንዱ ያልተሟላለት ልጅ ካላችሁ በምዝገባ ቅጹ ጀርባ ጻፉልን። ለመምህሩ እንዲረዳ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚመለስ ልጅ የለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር