መሪውን ሳበው ወይስ ገፋው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ቨርጂንያ ውስጥ በትንንሽ አውሮፕላን በረራ አስተምራለሁ። አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን በአብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። ከዚህ ውስጥ በሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ ሆኖ በረራን በሚያስመስል መለማመጃ፣ ተሠርቶ የሚቆጠረው ቢበዛ 100 ሰዓት ነው። በ2023 ቁጥሩን ወደ 250 የሚያሳድግ ሐሳብ ለኮንግረስ ቀርቦ ነበር። በ2024 የጸደቀው ሕግ ግን አላካተተውም። እኔ ቢካተት ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

የ1,500 ሰዓቱ ደንብ የመጣው በ2009 የኮልጋን አየር መንገድ በረራ ቁጥር 3407 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ካለቀ በኋላ ነው። የሚገርመው፣ ሁለቱም አብራሪዎች ከ2,000 ሰዓት በላይ በርረዋል። አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ማስጠንቀቂያው መሪውን ሲያንቀጠቅጠው፣ ካፒቴኑ መሪውን ገፍቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ ሲገባው ሳበው። ይህን እጅ እስኪለምደው ድረስ የት ይለማመዱት? ተሳፋሪ ጭነው አይደለም መቼም!

የኔን ሰዓት ልንገራችሁ። አብዛኛው ጥሩ አየር ጠብቄ አንዱን ሜዳ የዞርኩበት ነው። ከንቱ ነው አልልም። ብቻን ሰማይ ላይ መሆን፣ እውነተኛው ፍርሃት፣ በሲሙሌተር አይገኝም። ስለዚህ ሁሉም ይተካ አላልኩም። ፈቃድ ባለው ትምህርት ቤት፣ በአስተማሪ ፊት፣ በሚንቀሳቀሰው ትልቁ ሲሙሌተር የተሠራ 150 ሰዓት በሚቆጠረው መቶ ላይ ይጨመር ነው የምለው። ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የሚጫወቱትንማ ማንም ይቆጠርልኝ አላለም።

አንድ የበረራ አስተማሪ